ግልጽ ደብዳቤ፦ ካፖርቱን ለልዋጭ ከመስጠታችሁ በፊት

ይድረስ የአባት የአያት የወታደር ልብስ ሳጥን ውስጥ ላስቀመጣችሁ ቤተሰቦች፤ እንዲሁም እንዲህ ያለ ልብስ መስታወት ውስጥ ላቆማችሁ ሙዚየሞች ሁሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልጀምር።

አያቴ ሁለት የወታደር ልብስ ነበራቸው። አንዱ ወፍራም የሱፍ ካፖርት ነው፣ ሌላው ጃኬት። ካፖርቱ ዛሬ የለም። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ልዋጭ በሰፈራችን ሲያልፍ አክስቴ አውጥታ ሰጠችው፤ በምትኩም አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳፋ ተቀበለች። ክፋት አልነበረውም። ካፖርቱን ብል በልቶታል፣ ቤቱ ጠባብ ነው፣ ሳፋ ደግሞ ያስፈልጋል። ሳፋውም ሁለት ክረምት ሳይሞላው ተሰነጠቀ።

ጃኬቱ የተረፈው የቆርቆሮው ሳጥን ታች፣ ከጋዜጣ ስር ስለነበረና ማንም ስላላየው ብቻ ነው። ይህን ሁሉ የምጽፈው በዚያ ጃኬት ምክንያት ነው።

እስቲ ቀረብ ብላችሁ እዩልኝ። ጨርቁ ፀሐይ በልቶት አመድ መስሏል። ግራ ትከሻው ላይ ግን የቡና ስኒ አፍ የምታክል ክብ ቦታ አለች፤ እዚያች ላይ ብቻ ጨርቁ እስከዛሬ አረንጓዴ ነው። ዙሪያዋን በአጉሊ መነጽር ስታዩት የመርፌ ቀዳዳ በረድፍ ተደርድሯል። ሁለት ቦታ ላይ የጥፍር ያህል ክር ቀርቷል፣ ጫፉ በስለት የተቆረጠ። አንድ ነገር እዚያ ለዓመታት ተሰፍቶ ኖሯል፤ በኋላ አንድ ሰው በጥንቃቄ ፈታው።

ምን እንደነበረ የነገረኝ ፎቶው ነው። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ከልጅነቴ ጀምሮ የተሰቀለ ፎቶ አለ፤ አያቴ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ያንኑ ጃኬት ለብሰዋል። ስንት ዓመት ሙሉ ሳየው ኖሬ ትከሻቸውን ልብ ብዬው አላውቅም። ክብ ምልክት አለ። መሐሉ ላይ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾች ጫፍ ለጫፍ ገጥመው የአሸዋ ሰዓት የመሰለ ጥቁር ቅርጽ ሠርተዋል። የአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ምልክት ነው፤ መደቡ ቀይ፣ የአሸዋ ሰዓቱ ጥቁር። በሚያዝያ 1943 ከጅቡቲ በመርከብ የወጣው የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃ ጦር ኮሪያ ላይ የተዋጋው በዚህ ክፍለ ጦር ውስጥ ነበር። ፎቶውን ከፍሬሙ ሳወጣው ጀርባው ላይ የፎቶ ቤቱ ማኅተም አለ፣ በጃፓን ፊደል። ወታደሮቹ ከግንባር ለእረፍት የሚላኩት ወደ ጃፓን ነበር።

የቀረው ጥያቄ ማን ፈታው፣ ለምንስ የሚለው ነው። አክስቴን ጠየቅኳት። የሳፋዋን አክስቴን ማለቴ ነው። «ታኅሣሥ ግርግር ጊዜ ነዋ» አለችኝ፣ እንደ ዋዛ። የቃኘው ወታደሮች ከክብር ዘበኛ፣ ከንጉሡ ጠባቂ ጦር፣ የተውጣጡ ናቸው፤ በታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥት የሞከረው ደግሞ ክብር ዘበኛ ነው። ሙከራው ከሸፈ በኋላ ክብር ዘበኛ መሆን የሚያኮራ ነገር አልነበረም። አክስቴ ያኔ ትንሽ ልጅ ነች። እናቷ ማታ በኩራዝ ብርሃን ምላጭ ይዛ ስትፈታ አይታለች፤ «እሳት ውስጥ ጥላው ስትመለስ ትዝ ይለኛል፣ ጨርቁን ማቃጠሏ ነበር» አለችኝ።

ጃኬቱ ብቻውን ቢሆን መርካቶ ሳልባጅ ተራ የተጣለ አሮጌ አረንጓዴ ልብስ ነው። ፎቶው ብቻውን ደግሞ አንድ ጎልማሳ ወንበር ላይ ተቀምጦ። የአክስቴም ወሬ ብቻውን የቡና ላይ ጨዋታ ነው። ሦስቱ ሲገናኙ ግን ቤተሰባችን ከነጭንቀቱ ቁጭ አለ። የምለምናችሁ ይሄን ነው፤ ልብሱን፣ ፎቶውንና የሚያውቀውን ሰው አፍ አትለያዩዋቸው።

እኔ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ቀን ቀን ሌላ እንጀራ አለኝ። ማታና ቅዳሜ ግን የሰው አልበም አገላብጣለሁ፣ የሰው ሳጥን እከፍታለሁ፣ ኮሌታ እገለብጣለሁ። ባለቤቴ «ከሞቱ ሰዎች ልብስ ጋር ነው የተጋባሁት» ትላለች፤ እውነቷን ነው። በዚህ መሐል የተማርኩትን ትንሽ ላካፍላችሁ፤ ሳጥናችሁን ስትከፍቱ ይጠቅማችኋል።

ከፎቶ ልጀምር። ፎቶ አይዋሽም የሚል ሰው የድሮ ፎቶ ይዞ ተቀምጦ አያውቅም። ከዛሬ ዘጠና ዓመት በፊትና ከዚያም በላይ በብዛት ይሠራበት የነበረው ፊልም ቀይ ቀለም አይታየውም ነበር። ቀይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ሰማያዊ ደግሞ ይነጣል፤ የድሮ ፎቶ ላይ ሰማዩ ሁልጊዜ ወረቀት የመሰለው ለዚህ ነው። ከጣልያን ጎን የተሰለፈው የኤርትራ አስካሪ ታርቡሹ፣ ማለትም ዘለላ ያለው ቆቡ፣ ቀይ ነው፣ ፎቶ ላይ ግን ከሰል ይመስላል። የከፋው ደግሞ የአስካሪ ሻለቃ ጦሮች አንዱ ከሌላው የሚለዩት በወገብ መቀነታቸውና በታርቡሹ ዘለላ ቀለም መሆኑ ነው። ስለዚህ «መቀነቱ ጥቁር ነው፣ እንትን ሻለቃ ነው» ብሎ የሚምል ሰው ካጋጠማችሁ ቀስ በሉት፤ ቀይ ሊሆን ይችላል።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጥቷል። ስልክ ላይ ያለ አፕ የድሮ ፎቶ ይቀባል፣ ፊት ያጠራል። አፑ ቀለሙን አያውቀውም፣ ይገምታል። ቁልፍ ጨምሮ ሲሠራም አይቻለሁ! ባለ አምስት ቁልፉ ጃኬት ባለ ስድስት ሆኖ ወጣ። ለልደት ካርድ ከሆነ ይቀባ፣ ዋናውን ግን ሳትነኩ አስቀምጡት።

መገልበጥም አለ። ነጋቲቩ ተገልብጦ ከታተመ ግራው ቀኝ ይሆናል። የሚያጋልጠው ቁልፉ ነው፤ የወንድ ኮት ግራው በቀኙ ላይ ይደረባል። ኒሻን በግራ ደረት ይሰቀላል። የማውዘር ጠመንጃ መዝጊያ እጀታ በቀኝ በኩል ነው። እነዚህ ሁሉ ባንዴ ከዞሩ ፎቶው ተገልብጧል። ጎራዴ ግን እንዳይሸውዳችሁ፣ እኔን ሸውዶኛል። አንድ የድሮ ባላባት ፎቶ ላይ ጎራዴው በቀኝ ወገብ ነው። የአውሮፓ መኮንን በግራ ነው የሚታጠቀው፤ «ይሄ ፎቶ ተገልብጧል» ብዬ ደመደምኩና ኮምፒውተር ላይ አዙሬ፣ አሳትሜ፣ ለአንድ ሽማግሌ ወስጄ በኩራት አሳየኋቸው። ትንሽ አዩትና «ታዲያ ጋሻውን በየት እጁ ሊይዝ ነው፣ ልጄ?» አሉኝ። የእኛ ጦረኛ ጎራዴውን በቀኝ ነበር የሚታጠቀው። ግራ እጁ ጋሻ ይዟላ። ከዚያ ቀን ወዲህ ፎቶ ላይ ከመፍረዴ በፊት ሽማግሌ እፈልጋለሁ።

ስለ ፎቶ ቤት ደግሞ አንድ ነገር ብቻ። የሰፈር ፎቶ ቤት ለደንበኛ ኮትና ከረባት እንደሚያውስ ሁላችንም እናውቃለን። የወታደር ኮትም ይዋሳል። እጅጌውን እዩ፤ ጣቶቹን ከሸፈነ ወይም ክንዱ ላይ ተሰብስቦ ከቀረ፣ ልብሱ የሰውዬው ላይሆን ይችላል። ለሰው የተሰፋ ልብስ ትከሻው ላይ ያስታውቃል።

የካቲት 23 ሲመጣ የሚያናድደኝን ካልተናገርኩ ደግሞ ያንቀኛል። በየዓመቱ «የአድዋ ጀግኖች» ተብሎ የሚዞር ፎቶ አለ፤ ሙሉ ካኪ የለበሱ፣ ወገባቸውን በቀበቶ ያሰሩ፣ እኩል የተሰለፉ ወታደሮች። ወገኖቼ፣ በ1888 አድዋ ላይ የደንብ ልብስ የሚባል ነገር አልነበረም። ዘማቹ የዘመተው በራሱ ልብስ ነው። እጀ ጠባብና ሱሪ፣ ብዙ ጊዜ ከአቡጀዲ የተሰፋ፤ ከላይ ሸማ፤ ያለው በርኖስ ይደርባል። ጀግና የተባለው ለምድ ይለብሳል፣ አንበሳ የገደለ ጎፈር ያደርጋል። ሹሙን ከተራው የሚለየው ያ ነው፣ የትከሻ ኮከብ አይደለም። ያ ባለ ካኪ ሰልፍ ክብር ዘበኛ ነው። ክብር ዘበኛ ራስ ተፈሪ በአልጋ ወራሽነታቸው ዘመን ያቋቋሙት ጦር ነው፤ ወደ ንግሡ ሰሞን ደግሞ የቤልጅግ መኮንኖች መጥተው አሠለጠኑት። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ንግሡ ላይ የተሰለፈው፣ የውጭ ጋዜጠኛ ሁሉ ያነሳው እሱን ነው። ጠመንጃውንም እዩት፤ ውጅግራ ከሆነ ወደ አድዋ ዘመን ይጠጋል፣ አጭሩ የቤልጅግ ማውዘር ከሆነ ግን ዘመኑ ሌላ ነው።

ብዙዎቹ የክብር ዘበኛ ፎቶዎች ላይ ከላይ እስከ ቅልጥም ድረስ ሙሉ ወታደር ናቸው፤ ካኪ ኮት፣ ቀበቶ፣ ቅልጥሙ ላይ የተጠቀለለ ጨርቅ። ከዚያ በታች ባዶ እግር። አልፍሬድ አይዘንስታት የሚባለው ፎቶ አንሺ ጣልያን ልትወረን በተቃረበችበት ጊዜ መጥቶ የአንድ ወታደር ውስጥ እግሮች ብቻ አንስቷል፤ እንደ በጋ ጭቃ የተሰነጣጠቁ። በጣም የታወቀ ፎቶ ነው። ሰው አይቶት «ወይ ድህነት» ብሎ ያልፋል። እኔ ግን ስለ ልብሱ ይነግረኛል፤ ከእነዚህ ወታደሮች መሐል ባዶ እግሩን የተሰለፈ ሰው ልጅ ሆናችሁ ቤታችሁ ጫማ ካላገኛችሁ፣ ጠፋ ብላችሁ አትዘኑ። ድሮውንም አልነበረም።

ወደ ልብሱ እንለፍ። ልብስ ከውጭ አይነበብም። ገልብጡት። ኮሌታው ስር፣ የውስጥ ኪሱ ላይ፣ ወገቡ አካባቢ መለያ ጨርቅ ፈልጉ። የአሜሪካ ጦር ልብስ ከሆነ ልኩ፣ የዕቃ ቁጥሩና የግዢ ውሉ ቁጥር ይታተምበታል፤ ከውሉ ቁጥር ዓመቱን ማውጣት የሚቻልበት ጊዜ ብዙ ነው። የእንግሊዝ ከሆነ የዶሮ እግር የመሰለች ሰፊ የቀስት ምልክት አለች። አገባቡም ከታሪካችን ጋር ይገጥማል። ከ1933 በኋላ ጦራችንን ያደራጀው የእንግሊዝ ወታደራዊ ልዑክ ነው፤ በግንቦት 1945 ከአሜሪካ ጋር ስምምነት ተፈረመና የአሜሪካ ትጥቅ መጣ፤ ከ1969 ወዲህ ደግሞ ደርግ ፊቱን ወደ ሶቪየት አዞረ። አንድ ቤት ውስጥ የአያት፣ የአባትና የልጅ ልብስ ካለ ሦስት መንግሥታት የገዙት ሊሆን ይችላል።

ዚፕም ይናገራል። በአውሮፓ አቆጣጠር የ1943 ሞዴል የሚባለው የአሜሪካ የሜዳ ጃኬት በቁልፍ ነው የሚዘጋው። የ1951 ሞዴል ላይ ዚፕ ገባ። ቀላል ነገር ትመስላለች፣ ግን አንድ ቤተሰብ ፊት አስጨንቃኛለች።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ጎረቤት «የአባታችን የማይጨው ጃኬት አለን፣ መጥተህ እይልን» አሉኝ። ሄድኩ። ቡና ተፈልቷል፣ ፈንዲሻ ቀርቧል፣ ልጆችና የልጅ ልጆች ተሰብስበዋል። ጃኬቱ በነጠላ ተጠቅልሎ እንደ ታቦት በሁለት እጅ መጣ። ፈታሁት። ዚፕ! ገለበጥኩት፤ መለያው በእንግሊዝኛ፣ የአሜሪካ። ማይጨው መጋቢት 1928 ነው። ሰውዬው ማይጨው ላይ ይህን ጃኬት ሊለብሱ አይችሉም፤ ጃኬቱ ገና አልተሠራም።

ምን ትላላችሁ? አስራ ምናምን ሰው አፌን ያያል። «ስለ እሳቸው ፎቶ የላችሁም?» አልኩ፣ ጊዜ ለመግዛት። ከትልቋ ልጅ ቦርሳ አንዲት ትንሽ ፎቶ ወጣች፣ ጠርዟ የተበላ። ሰውዬው ጸጉራቸው አድጎ ተንጨባሯል፣ ዝናር አግድም ታጥቀዋል፣ ከላይ የለበሱት ኮት የጣልያን ወታደር ኮት ነው፤ የኮሌታው ምልክት ተነቅሎ ቦታው ብቻ ቀርቷል። አርበኛ ነበሩ። አርበኛ ከጠላት የማረከውን ነው የሚታጠቀውም የሚለብሰውም። ጃኬቱ ደግሞ ከነጻነት በኋላ መደበኛ ጦር ውስጥ ገብተው ያገለገሉበት ነው። ልጆቹ ይህን አያውቁም ነበር፤ ከአርበኝነቱ በኋላ ቤት ተቀምጠው ያረሱ ይመስላቸው ነበር። ቤተሰቡ አንድ ማይጨው አጥቶ አስር ዓመት የውትድርና ዘመን አገኘ። ቡናውም እስከ በረካ ተጠጣ፣ እኔም ሳልባረር ወጣሁ።

አሁን ወደ ልመናዬ። ልብሱን አትጠቡት። ይሄን ስል እናቶች ይቆጡኛል፣ «ቆሻሻ እንዴት ይቀመጣል?» ይላሉ። እሺ፣ ምክንያቱን ልንገራችሁ። የሐሰት ብር የሚለዩባትን ሐምራዊ መብራት ታውቃላችሁ? እሷን በጨለማ ልብስ ላይ ስታበሩ የድሮ ጥጥ ዝም ይላል፣ የዘመኑ ሰው ሠራሽ ክር ደግሞ ቦግ ይላል። ምልክቱ ያኔ የተሰፋ ነው ወይስ ባለፈው ዓመት ለሰልፍ የተለጠፈ የሚለውን እንዲህ ነው የምንጠረጥረው። ኦሞ ውስጥ ግን ልብስ የሚያነጣ፣ በዚያ መብራት የሚያበራ ኬሚካል አለ። አንድ ጊዜ ከታጠበ ሰባ ዓመት ያለው ጨርቅም ቦግ ይልና ምስክርነቱ ይጠፋል። ላቡም፣ ጭቃውም፣ ደሙም ካለ የሱ ነው፣ ይቆይ። በረኪናማ ስሙንም አታንሱብኝ። ኒሻኑንም በሎሚና በአመድ አትፈትጉት፤ ጽሑፉ ከነወርቅ ቅቡ ተፍቆ ይሄዳል።

ፌስታል ውስጥም አትክተቱት፣ ይታፈናል፣ ይሻግታል። ከሁሉ የሚሻለው ርካሹ ነው፤ በውኃ ብቻ ደጋግሞ የታጠበ ነጭ አቡጀዲ። በሱ ጠቅልላችሁ አጋድሙት፤ ቀጭን ሽቦ መስቀያ ላይ አትስቀሉት፣ የሱፍ ልብስ በገዛ ክብደቱ ትከሻው ይቀደዳል። ብል ከገባበት የሱፍ ልብሱን በላስቲክ ጥርቅም አድርጋችሁ አሽጉና ሥጋን እንደ በረዶ የሚያጠነክር ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት ክተቱት። ላስቲክ የምፈቅደው ለዚህ ብቻ ነው። ብሉም እጩም ያልቃል። ያኔ ይሄን ባውቅ ኖሮ ካፖርታችን ዛሬ ይኖር ነበር፤ ሳፋ ደግሞ በየሱቁ ሞልቷል።

ፎቶውን ከአልበም በጉልበት አትላጡት። ከነገጹ በካሜራ አንሱት፣ ሳይላጥ በቀላሉ ከወጣ ጀርባውንም አንሱት። ማኅተም፣ የእጅ ጽሑፍ፣ ቁጥር፣ ሁሉም ጀርባ ላይ ነው። ስም ስትጽፉ በእርሳስ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ጠርዙ ላይ። በስክሪብቶ ተጭናችሁ ስትጽፉ ፊት ለፊት የሰውዬው ግንባር ላይ ጠባሳ ሆኖ ይወጣል። አይቻለሁ።

ሙዚየሞች ሆይ፣ አሁን ተራችሁ ነው። የምለው በፍቅር ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ቦታ ላይ አንድ አሻንጉሊት ቆሟል። ራሱ ላይ ጎፈር፣ ደረቱ ላይ ከኮሪያ በኋላ የመጣ ጃኬት፣ ታች ተፈሪ ሱሪ፣ እግሩ ላይ የደርግ ከስክስ። ጽሑፉ «የጥንት አርበኛ ልብስ» ይላል። ሰውዬው ከአራት ዘመን ተዋጥቶ የተሠራ ነው! ማን እንደሰጠው ጠየቅኩ። «መዝገቡ አለ፣ ቁልፉ ያለው ሰውዬ እረፍት ወጥቷል» ተባልኩ። ከወር በኋላ ሄድኩ፣ ሰውዬው ስብሰባ ነው። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ሰውዬው ተገኘ፣ መዝገቡ ጠፋ።

የምጠይቀው ብዙ ብር የሚፈጅ አይደለም። አንድ ቤተሰብ ልብስ ይዞላችሁ ሲመጣ ተቀብሎ መፈረም ብቻ ሳይሆን፣ አስቀምጣችሁ ጠይቁት። የማን ነው? መቼ ለበሰው? ፎቶ አለው? ፎቶውን እዚያው አንስታችሁ መልሱለት፣ ቅጂው ከልብሱ ጋር በአንድ ቁጥር ይቀመጥ። በየተራ ሁለት ልብስ ገልብጣችሁ የውስጡን አሳዩን፤ ሁልጊዜ ፊት ለፊቱን ብቻ ነው የምናየው። መብራቱን ደብዘዝ አድርጉት፣ ልብስ ብርሃን ይበላዋል። ለትርኢት አዲስ የተሰፋ ከሆነ ደግሞ «አዲስ የተሰፋ ነው» በሉን፣ ማንም አይቀየምም። በየካቲት 2016 ፒያሳ ላይ የአድዋ ድል መታሰቢያ ከተከፈተ ወዲህ ልጆች በክፍል በክፍል እየሄዱ ነው የሚያዩት፤ ልጅ ደግሞ ያየውን አይረሳም፣ እዚያም ሆነ ሌላ ቦታ የቱ ቅጂ የቱ ዋና እንደሆነ ቢነገረው ይገባዋል። አፍንጮ በር ያለው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያም አለ፤ ያልሄዳችሁ ሂዱ፣ ትከሻ ትከሻውን እዩ።

ውጭ ያላችሁትንም አልረሳኋችሁም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖሩ፣ ኮሌጅ ፓርክ አጠገባችሁ ነው፤ እዚያ ያለው የአሜሪካ ብሔራዊ መዝገብ ቤት የጦሩ ፎቶ አንሺዎች ኮሪያ ላይ ያነሷቸውን ፎቶዎች ይዟል። አንድ የእረፍት ቀን ሰጥታችሁ ብታገላብጡ የሰው አባት ልታገኙ ትችላላችሁ። ለንደን ያለው የጦርነት ሙዚየም የ1933 አርበኞች ፎቶ አለው። ሮም ያለው የሉቼ፣ የጣልያን የፊልምና የፎቶ ተቋም፣ መዝገብ ደግሞ የወረራውን ዘመን ፎቶ ይዟል፤ እሱን ግን ፎቶውን እመኑ፣ የፎቶውን መግለጫ አትመኑ፣ የፋሽስት ፕሮፓጋንዳ ነው። ለንደን ስትሄዱ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ በ1860 ከመቅደላ የተወሰደ የቤተ መንግሥት ልብስም አለ። ያ የወታደር ልብስ አይደለም፣ ክርክሩም ሌላ ነው፤ ነገር ግን አንድ ልብስ ከነታሪኩ ሲያዝ ምን እንደሚመስል ለማየት መዝገቡን አንብቡት። እየነደደኝ ነው የምለው።

ደግሞ ጊዜ የለንም። ኮሪያ የዘመቱት በሕይወት ያሉት ዘጠናን አልፈዋል። ስትጠይቋቸው «ታሪክዎን ይንገሩኝ» አትበሉ፤ ያ በሬዲዮ የተነገረውን ነው የሚያመጣው። ልብሱን እጃቸው ላይ አድርጉት። አንድ አባት ዘንድ ሄጄ ብዙ ጠየቅኳቸው፣ መልሳቸው ሁሉ «ተዋጋን፣ ተመለስን» ነበር። የአያቴን ጃኬት አውጥቼ ጉልበታቸው ላይ ሳስቀምጠው ዝም አሉ። ጣታቸው ብቻውን ሄዶ የውስጥ ኪሱን አገኘው። «እዚች ውስጥ በርበሬ ነበር የምይዘው» አሉ፣ «በወረቀት ጠቅልዬ። የፈረንጅ ቆርቆሮ ምግብ አልወርድ ሲለን።» ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት አወሩ፤ ልጃቸው በር ላይ ቆማ ትሰማለች፣ አንዱንም ከዚያ በፊት ሰምታው አታውቅም።

እንግዲህ ሳጥኑን ክፈቱት። ኪሱን ሳትፈትሹ አትመልሱት። የማይገባችሁ ነገር ካለ ጥሩኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሁልጊዜ ነፃ ነኝ። አጉሊ መነጽሬንና ያቺን የብር መለያ መብራት ይዤ እመጣለሁ፤ አቡጀዲውን ብቻ ቀደም ብላችሁ አጥባችሁ አድርቁልኝ።

አክባሪያችሁ፣
የአንድ ቃኘው ዘማች የልጅ ልጅ